አስኒ የሞተች ዕለት

መስከረም 2004 ዓ.ም.፣ ገና የዓመቱ መባቻ ነው። ደሴ ላይ ክረምቱ ጨርሶ አልወጣም፤ ጦሳ ጉሙን ተከናንቦ ይውላል፣ ከሰዓት ካፊያው አይቀርም። አክስቴ ቧንቧ ውሃ ባለችው ጠባብ ሱቋ የልብስ ስፌት መኪናዋ ላይ አቀርቅራ የተማሪ ዩኒፎርም ትሰፋለች። ትምህርት ቤት ሊከፈት ስለሆነ ያን ሰሞን ቀና የምትልበት ጊዜ የላትም። እኔ ለበዓሉ ከአዲስ አበባ መጥቼ አጠገቧ ቁጭ ብዬ አዝራር እተክልላታለሁ። ሬዲዮኑ መደርደሪያው ላይ ለራሱ ያወራል፤ የሚሰማው ያለ አይመስልም ነበር።

ዜና አንባቢው አንጋፋዋ የመድረክ ሰው አስናቀች ወርቁ ማረፏን ተናገረ።

መኪናው ቆመ። አክስቴ እግሯን ከፔዳሉ ላይ አነሣች፤ ሰማያዊው ጨርቅ መርፌው ሥር እንደተወጋ ቀረ። «አስኒ?» አለች። እኔን አልነበረም የጠየቀችው። ትንሽ ቆይታ ተነሣች፣ ጨርቁን አጣጥፋ አስቀመጠች፣ ለወረፋ የመጡትን ሁለት እናቶች «ነገ በጠዋት፣ አብሽሩ» ብላ ሸኘቻቸውና የሱቁን በር ዘጋችው። የዓመቱን ገቢ ግማሽ በምታገኝበት ሳምንት በእኩለ ቀን ሱቅ መዝጋቷ አስደነገጠኝ። ዘመድ የሞተባት መሰለኝ።

ቤት ገብተን ቡና ስትቆላ ነው የተናገረችው። «እሷ ባትኖር እኔ አንድ ማታ እንኳን አልቆምም ነበር።»

«የት?»

«መድረክ ላይ።»

ዕድሜዬ ሠላሳ አልፎ ነበር። አክስቴን የማውቃት ሜትር በአንገቷ አንጠልጥላ፣ መርፌ በከንፈሯ ይዛ ነው። መድረክ የሚባል ነገር ከእሷ ጋር በአንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ሰምቼ አላውቅም። ክራር ከመኝታ ቤቷ መጋረጃ ጀርባ ተሰቅሎ አይቻለሁ፤ የሟቹ ባሏ ይሆናል ብዬ አልፌው ነበር።

ስለ አስናቀች ወርቁ መጻፍ ከፈለግሁ ዓመታት ሆኖኛል። በጀመርኩ ቁጥር አክስቴ መሃል እየገባች ታስቆመኛለች። አሁን ሁለቱን ለያይቼ መጻፍ እንደማልችል ተቀብያለሁ።

አስናቀች የወሎ ልጅ አይደለችም። አዲስ አበባ፣ ስድስት ኪሎ ነው የተወለደችው። እናቷን በልጅነቷ አጥታ በሰው እጅ አደገች። ክራር ያስተማራት ትምህርት ቤት የለም፤ ራሷ ናት ጣቷን ያስተማረችው። እ.ኤ.አ. በ1952 «የፍቅር ጮራ» በተባለ ተውኔት መድረክ ላይ ወጣች። በኢትዮጵያ ዘመናዊ ቴአትር ሴት ሆና የሴት ገጸ ባሕርይ የተጫወተች የመጀመሪያዋ ተዋናይት የምትባለው በዚያ ነው።

ይህን ዓመት በቀላሉ ላልፈው አልፈልግም። ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም የአውሬዎቹን ኮሜዲ፣ «ፋቡላ»ን፣ የጻፉት በ1910ሮቹ ዓ.ም. መጀመሪያ ነው። ሀገር ፍቅር የተመሠረተው በ1927 ዓ.ም. ነው። ከመጀመሪያው ተውኔት እስከ አስናቀች ሠላሳ ዓመት ገደማ አለ። በዚያ ሁሉ ዓመት ሴቶች ለዘፈንና ለጭፈራ ቢታዩም፣ በተውኔት ውስጥ እናት ስትኖር፣ ሙሽራ ስትኖር፣ ንግሥት ስትኖር፣ ሻሽ ያሰረ፣ ቀሚስ የለበሰ ወንድ ነበር የሚወጣው። ድምፁን ቀጠን፣ አረማመዱን ሰበር ያደርጋል። እነዚያን ሰዎች አላቃልልም፤ በዘመናቸው ባለሙያዎች ነበሩ፣ እነሱ ባይኖሩ ተውኔቱም አይኖርም። ግን አንድ ጢሙን የተላጨ ጎልማሳ ነጠላውን አዘቅዝቆ «ልጄን!» ብሎ ሲጮህ ተመልካቹ ምን ይሰማው እንደነበር አስባለሁ። ይስቅ ይመስለኛል። ሊያለቅስ ቢፈልግ እንኳ ሳቁ ይቀድመዋል። የሴት ኀዘን ለሠላሳ ዓመት ከሳቅ ጋር ተለውሶ ነው ለሕዝብ የቀረበው።

ከዚያ አንዲት የሃያ ዓመት እንኳ በቅጡ ያልሞላት ወጣት በራሷ ድምፅ ተናገረች። አዳራሹ ያን ምሽት ምን ያህል ዝም እንዳለ ማንም አልቀዳውም። ተውኔት ክፋቱ ይህ ነው። የአስናቀችን ክራር ዛሬም ማግኘት ይቻላል፤ ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ ባሳተመው «ኢትዮፒክስ» በተባለው ተከታታይ የሙዚቃ ስብስብ ውስጥ 16ኛው ቅጽ የእሷ ብቻ ነው፣ «ባለ ክራሯ እመቤት» ብሎ ነው የጠራት። ዘፈኗን የፈረንሳይ ሰው ሳሎኑ ቁጭ ብሎ ይሰማዋል። ትወናዋን ግን ስድስት ኪሎ ተወልዶ ያደገ ሰው እንኳ ሊያየው አይችልም። በ1948 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ተብሎ የተከፈተው፣ ዛሬ ብሔራዊ የምንለው ቴአትር መድረክ ላይ የሠራችው ሁሉ ካዩት ሰዎች ጋር አንድ በአንድ እያለፈ ነው።

አክስቴም አንድ ምሽት ነበራት። እሱንም የሚያስታውሱት እጅግ ጥቂት ናቸው።

ነገሩ በ1972 ዓ.ም. ነው። በዚያ ዘመን ቀበሌው ሁሉ ኪነት ነበረው፤ ከቀበሌ ከፍተኛ፣ ከከፍተኛ አውራጃ፣ ከአውራጃ ክፍለ ሀገር እየተባለ ጎበዙ እየተመለመለ ይወጣል። ወሎ ደግሞ ላሊበላ ኪነት የሚባለውን ቡድን ይዞ አገር ያነጋግር ነበር፤ ማሪቱ ለገሠን የሰጠን እሱ ነው። አክስቴ ዐሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። የቀበሌውን ኪነት የተቀላቀለችው ለመዘመር ነበር። አንድ መምህር በ1965 እና በ66ቱ ረሃብ ላይ አጭር ተውኔት ጻፈና የጢሰኛውን ሚስት የሚጫወት ሰው ጠፋ። ሴቶቹ ሁሉ ለጭፈራው እሺ ብለው ለዚህ እምቢ አሉ። ጭፈራ በቡድን ነው፤ ተውኔት ላይ ብቻሽን ትታያለሽ፣ የሌላ ሰው ሚስት ትባያለሽ፣ ከነጋ በኋላም ስሙ አብሮሽ ይቀራል።

ቡድኑ ውስጥ አዲስ አበባ ቆይቶ የመጣ ክራር ደርዳሪ ነበር። አስናቀችን መድረክ ላይ አይቷታል። ልጃገረዶቹ እምቢ ሲሉ ሰብስቦ ስለ እሷ አወራላቸው። እንዴት እንደምትገባ፣ ቆማ ሳትናገር ሰውን እንዴት እንደምትይዝ፣ አለባበሷን፣ ግጥም ከአፏ ላይ እንዴት እንደሚፈልቅ። አክስቴ ድምፅዋን በሬዲዮ ታውቀዋለች፤ ትዝታዋን ሰምታለች። ያቺ ድምፅ እግር እንዳላትና መድረክ ላይ እንደምትራመድ ግን አስባው አታውቅም ነበር። «እሷ ምን ተባለች?» ብላ ጠየቀችው። «ምን ያልተባለችው አለ!» አላት። አክስቴ እንደምትለው እጇን ያወጣችው በዚህ መልስ ነው። የሚባለውን ሁሉ ተብላ፣ አሁንም ቆማ ካለች፣ ሰው በስድብ አይሞትም ማለት ነው ብላ።

እኔ ያደግሁት የወሎን ሴት ቁንጅና ሲዘፈን እየሰማሁ ነው። ዓይኗ፣ አንገቷ፣ ጥርሷ፣ ጠጉሯ። አገሩ ሁሉ ወሎ ሲባል መጀመሪያ የሚያነሣው ይህን ነው፣ እኛም ስንኮራበት ኖረናል። አራቱን ቅኝቶች ቁጠሩ ብትባሉ ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰል፣ አንቺ ሆዬ ትላላችሁ። ባቲ ከኮምቦልቻ ወደ ቆላ ሲወረድ ያለች የሰኞ ገበያችን ናት፤ አፋሩ፣ ኦሮሞው፣ አርጎባው፣ አማራው ግመልና ጨው፣ በርበሬና ቅቤ ይዞ የሚገናኝባት። አምባሰል ከሐይቅ በላይ የቆመው ተራራችን ነው። ኢትዮጵያ ውስጥ ክራር ያነሣ ሰው፣ አዲስ አበባ ይወለድ ጎንደር፣ ጣቱ ሲቃኝ በእኛ መንደር በኩል ያልፋል። አስናቀችም ክራሯን ስትቃኝ በዚሁ መንገድ ነው የሄደችው።

ታዲያ ይህን ሁሉ ዜማ ለአገር የሰጠ ሕዝብ የገዛ ልጁ ተነሥታ በአፏ ስትናገር ለምን ይከፋዋል? የሚዘፈንላት ሴት ቆንጆ፣ የምትዘፍነዋ ሴት አዝማሪ። የምትታየዋ ወይዘሮ፣ የምትታየውን አስባ የምታሳየዋ ስም የለሽ። ይህን የምለው የሌላውን ቤት እያየሁ አይደለም። አያቴ ቤት ነው የሆነው።

እምዬ፣ አያቴ፣ ክርስቲያን ነበረች። እህቷ ሙስሊም አግብታ ሸዋ በር ትኖር ነበር፤ ሐሙስ ሐሙስ ለዱዓ የሚቀመጡት ሴቶች፣ ዱበርቲዎቹ፣ ሲሰበሰቡ እምዬም ነጠላዋን አጣፍታ ትሄዳለች፣ አቦሉ ሲቀዳ ዱዓው ሲደረግ እጇን ዘርግታ «አሚን» ትላለች። መንዙማውን ትወደው ነበር። ማኅሌትም ሲቆም ታድራለች። ዜማ የጠላ ቤት አልነበረም። ክራር ግን አይገባም። በገናን እግዜር ለዳዊት ሰጠው፣ ክራርን ሰይጣን አይቶ ኮረጀው የሚለውን ተረት የሰማሁት ከእሷ ነው። የክፍለ ሀገሩ ቡድን ላሊበላ ኪነት መባሉንም አልወደደችውም። ላስታ ላሊበላን ታከብረዋለች፤ ለእሷ ግን «ላሊበላ» ሲባል ቶሎ የሚመጣላት ሌሊት ደጃፍ ቆመው እያዜሙ የሚለምኑት ናቸው። «ስሙን ራሳቸው አወጡት» ትል ነበር።

አክስቴ ለእናቷ የነገረቻት ለመዝሙር እንደምትሄድ ነው። ለሁለት ወር ልምምድ ስትመላለስ እምዬ አላወቀችም። በትዕይንቱ ዕለት አንድ ጎረቤት «ልጅሽ ማታ ትታያለች» አለቻት።

የቀበሌው አዳራሽ ቆርቆሮ ነው፤ ዝናብ ሲመታው ቃል አይሰማም። ወንበሩ ጣውላ፣ መጋረጃው አቡጀዲ። እምዬ ከኋላ ቆማ ነበር።

ተውኔቱ ውስጥ ጢሰኛው ባል እህል ፍለጋ ሄዶ ይቀራል። ሚስት ብቻዋን ትቀራለች፣ ልጇ በክንዷ ላይ ይሞታል። ቃለ ተውኔቱ ላይ እዚህ ጋ ስለ ባላባት ሥርዓት የተጻፈ ረጅም ንግግር አለ፤ አክስቴ በቃሏ ይዛዋለች። ቦታው ላይ ስትደርስ ንግግሩ ጠፋት። ከመጋረጃው ጀርባ መምህሩ በሹክሹክታ ያቀብላታል፣ አትሰማውም። እጇ ላይ የተጠቀለለው ጨርቅ ነው። ጨርቁን አየችው። ከዚያ ያላጠናችው ከአፏ ወጣ።

ሰፌዴ ባዶ ነው ምን አበጥራለሁ፣
ፍሬዬን ለአፈር ሰጥቼ መጥቻለሁ።

ይህ የእምዬ ሙሾ ነው። በ1965 ከየጁ ቆላ ዋናውን መንገድ ይዘው በእግር ወደ ደሴ ሲመጡ የሦስት ዓመት ወንድ ልጇን መንገድ ዳር ቀብራለች። አክስቴ ያኔ ዐሥራ ሁለት ዓመቷ ነበር፤ ቀብሩን አይታለች። እምዬ ያን ሙሾ ደሴ ከገቡ በኋላ ሌሊት ሌሊት፣ ልጆቹ የተኙ ሲመስላት፣ ለራሷ ትለው ነበር። ለቅሶ አልተቀመጠችም። ለቅሶ ደራሽ በሌለበት፣ ሁሉም ሟች ባለበት ጊዜ ማን ማንን ያስተዛዝናል? ያ ልጅ ሳይለቀስለት ነው የቀረው።

አዳራሹ ፈረሰ። አክስቴ የምትጠቀምበት ቃል ይህ ነው፤ ፈረሰ። ከፊት የተቀመጡት ሴቶች ደረታቸውን መምታት ጀመሩ። ሰባት ዓመት ብቻ ነው ያለፈው፤ ከዚያ አዳራሽ ውስጥ ማን መንገድ ዳር ያልቀበረ ነበር? ወንዶቹ ጋቢያቸውን ፊታቸው ላይ ጣሉ። ተውኔቱ አልቀጠለም። መምህሩ መጋረጃውን ዘጋ፣ ከመጋረጃው በዚህኛው ወገን ለቅሶው ቀጠለ።

መስከረም 1 ቀን 1967 ማታ፣ ንጉሡ ከመውረዳቸው በፊት በነበረችው የመጨረሻ ሌሊት፣ የወሎ ረሃብ በቴሌቪዥን ታይቶ ነበር። እንግሊዛዊው ጆናታን ዲምብልቢ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ የቀረጸው ነው፤ ደርግ ከቤተ መንግሥቱ ግብዣ ምስል ጋር እያፈራረቀ አሳየው። ያ ፊልም ተደብቆ የነበረውን ጉድ ለዓለም አወጣ፣ ለዚህ አመሰግነዋለሁ። ግን የወሎ እናት እዚያ ስትታይ ድምፁ የተራኪው ነው። እሷ ታየች፤ ተናጋሪው ሌላ ሆነ። በ1972 በዚያ ቆርቆሮ አዳራሽ አክስቴ ስትናገር የሰሙት ሴቶች የገዛ ነገራቸው በገዛ ቋንቋቸው፣ በሴት አፍ ሲነገር የሰሙት መጀመሪያ ጊዜ ይመስለኛል። አስናቀች የከፈተችው በር እስከዚያ ድረስ ይደርሳል። ትደርስበታለች ብላ አስባው እንደሆነ አላውቅም።

እምዬስ?

ይህን ስጽፍ እጄ የሚከብደኝ እዚህ ላይ ነው። እምዬ አላለቀሰችም። ቤት ድረስ ዝም ብላ ሄደች። አክስቴ ስትገባ በሩ ላይ ቆማ ጠበቀቻት። «አዝማሪ ሆንሽ» ትለኛለች ብላ ተዘጋጅታ ነበር፤ ለእሱ መልስ ነበራት። እምዬ ያለችው ሌላ ነው። «የልጄን ለቅሶ ለጭብጨባ አዋልሽው።»

አክስቴ «አላጨበጨቡም» ማለት ፈልጋ ነበር። አልቻለችም።

በሁለተኛው ሳምንት የክፍለ ሀገሩ ሰዎች መጥተው «ተፈተኚ» አሏት። ብታልፍ ደመወዝ አለው፣ ጉዞ አለው፣ መድረኩ የቆርቆሮ አዳራሽ አይደለም። እምዬ «ሂጂ» ብትል ኖሮ ትሄድ ነበር። «አትሂጂ» ብትላትም፣ አክስቴ እንደምትለው፣ ጠፍታም ቢሆን ትሄድ ነበር። እምዬ ሁለቱንም አላለችም። አክስቴ አልሄደችም። በዓመቱ አገባች፣ ስፌት ተማረች። ክራሩን ያ ደርዳሪ ከደሴ ሲለቅ ለእሷ ነው የተወላት።

ለብዙ ጊዜ በእምዬ ተናድጄ ኖሬያለሁ። ሴትን ወደ ማጀት የሚመልስ የድሮ ሐሳብ፣ «ሴት ብታውቅ በወንድ ያልቅ» እየተባለ ያደገ ፍርሃት ነው ብዬ ፈርጄ ነበር። ያም አለበት፤ ክራሩን ቤት አላስገባም ያለችው በዚያ ነው። ግን ያቺ አንዲት ዓረፍተ ነገር ከዚያ በላይ ናት። እምዬ መድረክ ምን እንደሚበላ በአንድ ማታ ገብቷታል። ተዋናይት ከየት አምጥታ ታለቅሳለች? ከቤቷ ነው የምታመጣው። የሞተባትን፣ የከዳትን፣ እናቷ ሌሊት ያንጎራጎረችውን። አስናቀች ያለ እናት ማደጓን ሳነብ፣ ያን ሁሉ ዓመት መድረክ ላይ ስትቆም ከየትኛው ጓዳዋ እየቀዳች እንደነበር አስባለሁ። ተመልካች ሆነን ስንቀመጥ የምናየው ልብሱንና መብራቱን ነው፤ ቤቱ እየተራቆተ እንደሆነ አናይም። ከዚያ ስንወጣ «አዝማሪ» እንላታለን።

አክስቴን ተጸጽተሽ ታውቂያለሽ ወይ ብዬ ጠይቄያታለሁ። «ወንድሜን ያለቀስኩት ያን ማታ ብቻ ነው» አለችኝ። «ከዚያ በፊትም አላለቀስኩም፤ ከዚያ በኋላም። እምዬ ለጭብጨባ አለችው። ለእኔ ቀብሩ ነው።» ሁለቱም እውነት ይዘው ሠላሳ ዓመት አንድ ጣሪያ ሥር ኖሩ። እምዬ ስትሞት ገንዛ፣ አጥባ የቀበረቻት አክስቴ ናት። ሙሾ አላወረደችላትም።

ሬቸል ሳሙኤል የሠራችው «አስኒ» የተባለው ዘጋቢ ፊልም በ2013 እ.ኤ.አ. ወጣ። በዕድሜዋ ማምሻ የተቀረጸ ነው፤ አስናቀች ራሷ ስለ ራሷ ትናገራለች። አክስቴ ያየችው በእኔ ስልክ ላይ ነው፣ ቅንጭቡን ብቻ፣ በዚያው ስፌት ቤት። መነጽሯን አውልቃ ስልኩን ወደ ዓይኗ አስጠጋች። በድምፅ ስታውቃት የኖረችውን ሴት ፊቷን ስትንቀሳቀስ ያየችው ያን ቀን ነው መሰለኝ። ደግማ አየችው። «አያት ሆናለች» አለች። ትንሽ ቆይታ ደግሞ፣ «ግን አልጎበጠችም።»

ዛሬ ዘመኑ ተለውጧል። በ1978 እ.ኤ.አ. አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የቴአትር ጥበባት ትምህርት ክፍል ከተከፈተ ወዲህ ትወና ዲግሪ የሚያዝበት ሙያ ሆኗል። ተዋናይት ስታገባ መጽሔት ፎቶዋን ያወጣል፣ ማስታወቂያ ላይ ሳሙና ትሸጣለች፣ «አርቲስት» ተብላ ትጠራለች። ደስ ይለኛል። ሆኖም ከአንዳንድ ቤት «ልጄ ቴአትር ልማር አለች» ሲባል የእናቲቱ ፊት እንዴት እንደሚጠቁር አሁንም አያለሁ፤ ደሴም፣ አዲስ አበባም። ስሙ ተለወጠ እንጂ ፍርሃቱ ብዙም አልተነቀነቀም። ፍርሃቱ ውስጥ ግማሹ ከንቱ ነው፤ ግማሹን ግን እምዬን ከተረዳሁ ወዲህ አልስቅበትም።

በ2014 ጦርነቱ ደሴ ሲደርስ አክስቴ ከነልጆቿ በኮምቦልቻ አድርጋ ወደ ደብረ ብርሃን ወጣች። በ1965 ወደ ደሴ የገባችበትን መንገድ በስድሳ ዓመቷ ወደ ደቡብ ቀጠለችው። ታኅሣሥ ላይ ስንመለስ ቤቱ ባዶ ነበር። የስፌት መኪናው የለም። ቴሌቪዥኑ፣ ፍራሹ፣ የጤፍ ማዳበሪያው፣ ድስቱ ሳይቀር የለም። መጋረጃውን ሳይቀር ወስደውታል። ክራሩ ግን መጋረጃው ከነበረበት ጀርባ፣ ምስማሩ ላይ እንደተሰቀለ አለ። ማን ይፈልገዋል? ገበቴው ላይ ያለው ቆዳ ከዳር ተሰንጥቋል፣ ከስድስቱ ክሮች ሁለቱ ተበጥሰዋል። አክስቴ አወረደችው፣ አቧራውን በነጠላዋ ጠረገችው፣ ቀንበሩን ይዛ መቃኛዎቹን አንድ በአንድ ነካች። የስፌት መኪናዋን ስታጣ ያላለቀሰች ሴት እዚህ ጋ ታለቅሳለች ብዬ ጠበቅሁ። «ክር ከየት ነው የምናገኘው?» ብቻ አለች።

ባለፈው ዓመት የአክስቴ የልጅ ልጅ በትምህርት ቤቷ ክበብ ተውኔት ደረሳት። አስራ ስድስት ዓመቷ ነው። የምትጫወተው ልጇ የሞተባትን እናት ነው፤ እንዲህ ያለ አጋጣሚ ፈልጌ የጻፍኩት ቢመስል አልፈርድም፣ ግን የትምህርት ቤት ተውኔት ሁልጊዜ የሚሞት ልጅ አያጣም። ልጅቷ ከመስታወት ፊት ቆማ ፊቷን እያጨማደደች ለማልቀስ ትታገላለች። አክስቴ ከወጥ ቤት ሆና ታያለች። እኔም አለሁ፤ ቡናው እየፈላ ነው።

በመጨረሻ ገባች። «ነይ» አለቻት። «በባዶ እጅ ለቅሶ አይመጣም። እጅሽን ሥራ ስጪው።» ከወጥ ቤት ሰፌድ አምጥታ ምንም ሳታደርግበት ሰጠቻት። «አበጥሪ። ቃልሽን እያበጠርሽ በይው።»

ልጅቷ ባዶውን ሰፌድ ከፍ ዝቅ እያደረገች ቃለ ተውኔቷን ጀመረች። መጀመሪያ አፈረች። ሦስተኛው ላይ ድምፅዋ ወረደ፣ እጇ የሌለውን እህል መፈለግ ጀመረ፣ ክፍሉ ውስጥ አንድ ነገር ተለወጠ። እኔ አክስቴን ነው የማያት። ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል። አሁን ትለዋለች ብዬ አሰብኩ፤ አርባ ዓመት ያላለችውን ሙሾ ለልጅቷ ታወርሳታለች።

«እማማ፣ እዚህ ጋ የሆነ ነገር ብዘፍንስ? የለቅሶ ግጥም?» አለች ልጅቷ። «የምታውቂው አለ?»

አክስቴ ጀበናውን ከእሳቱ አወረደች፤ ሊገነፍል ነበር።

«ያ የሌላ ሰው ነው» አለቻት። «አንቺ የራስሽን ፈልጊ። በይ፣ ከመጀመሪያው።»